የሳን ፓብሎን ግድብ ከመኪና ሸሽቶ በብስክሌት መዞር ይቻላል ወይ? (34 መልሶች)

ጥያቄውን በኢንተርኔት የሐበሻ መድረክ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኦክላንድና ከበርክሌይ በስተጀርባ ያለው ኮረብታ ነው። ከኮረብታው ማዶ የሳን ፓብሎ ግድብ ሐይቅ ተኝቷል፤ ከወዲህ ቲልደን ፓርክ፣ ከወዲያ የብሪዮነስ ፓርክና ግድብ ሐይቅ ያዋስኑታል። ካርታው ላይ ዙሪያው በሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ቦታውን ለማያውቅ ሰው ጠዋት ወጥቶ፣ ሐይቁን ዞሮ፣ ማታ ቤቱ መግባት ቀላል ይመስለዋል። የእኔ ብስክሌት ደግሞ የእሽቅድምድም አይደለም። ግራና ቀኝ ቦርሳ የተጫነበት የጉዞ ብስክሌት ነው። ዳገት ላይ በዚህ ሸክም እያዘገምኩ ከኋላዬ የመኪና ድምፅ ሲመጣ መስማት ደግሞ ያስጠላኛል።

የጻፍኩት አጭር ነበር። በዚህ አካባቢ ከመኪና ነፃ ሆኖ ሳን ፓብሎን የሚዞር ሙሉ መንገድ የለም፤ ያለው ከመኪና ነፃ የሆነ ወቅት፣ ቀንና ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከካርታው አስቀድሞ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከት አልኩ። የማይስማማ ካለ መንገዱን ያሳየኝ ብዬም ጨመርኩ። ሐበሻ በተሰበሰበበት እንዲህ ብሎ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ አልነግርም።

መልስ 1 ከአንድ ትሑት ሰው መጣ። ከሰላምታውና ከምርቃቱ በኋላ መፍትሔው ዓይኔ ሥር እንዳለ ጠቆመኝ፤ ሐይቁን ተከትሎ የሚሄደው የሳን ፓብሎ ዳም መንገድ ዳር ዳሩ በቂ ቦታ ስላለው፣ ከነጩ መስመር ውጭ ሆኜ ብሄድ ማንም እንደማይነካኝ፣ እርሱም በዚያው ለዓመታት እንደተመላለሰ ጻፈ።

መልስ 2 ምርቃት አልነበረውም። መንገዱ ከሪችመንድ ወደ ኦሪንዳ ማቋረጫ የሚፈልግ ሠራተኛ ሁሉ የሚከንፍበት መሆኑን፣ ጥያቄው ስለ ከመኪና ነፃ መንገድ እንጂ ስለ ዕድል አለመሆኑን፣ በአስፋልት ላይ የተቀባ ነጭ ቀለምም ግድግዳ እንዳልሆነ አስታወሰ። የመጨረሻዋን ነገር ወድጃታለሁ። የመጀመሪያው ሰው ግን ሳይከፋው አልቀረም፤ እስከ መልስ 29 ድረስ ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 3ን የጻፈችው የሌሊት ተረኛ ነርስ የሆነች እህት ናት፤ ከሁሉም ይህን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ ሳትሄድ፣ ኢንስፒሬሽን ፖይንት ወደሚባለው ከፍታ ትወጣለች። ከዚያ ተነሥቶ በሸንተረሩ ጀርባ ላይ የሚሄደው ኒሚትዝ ዌይ 4 ማይል ያህል አስፋልት ነው፤ መኪና አይነዳበትም። ወደ ሰሜን ሲሄዱ በግራ ባሕረ ሰላጤው፣ አየሩ ሲጠራም የጎልደን ጌት ድልድይ ይታያል፤ በቀኝ ከታች ሳን ፓብሎና ብሪዮነስ፣ ከእነርሱ ማዶ 3,849 ጫማ ከፍታ ያለው የዲያብሎ ተራራ አለ። ሸንተረሩ ላይ ከብት ስለሚሰማራ፣ ከብቱ እንዳያልፍ መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ የብረት ርብራብ ያጋጥማል። እህታችን ስለዚህ ርብራብ ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፋለች። ጭነት ያለው ብስክሌት ርብራቡን በቀጥታ፣ መሪ ሳይዞር፣ ፍሬን ሳይያዝ ማለፍ አለበት። በጉም ማለዳ ብረቱ እርጥብ ስለሚሆን፣ አንድ ቀን እርሷ አንዲት ጥጃ ላለመግጨት መሪዋን ስትጠመዝዝ የፊት ጎማው ከሥሯ ሸሽቶ ወደቀች። ክርኗ ተልጦ፣ ዩኒፎርሟ ተቀድዶ ስትነሣ ላሞቹ ማመንዠካቸውን እንኳን አላቋረጡም።

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ልግባ። መንገዱ የተሰየመለት አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካንን የፓሲፊክ ባሕር ኃይል የመራ ሰው ነው። በኋላ በርክሌይ ሲኖር እዚህ ኮረብታ ላይ እየተራመደ የዱር አበባ ዘር ይበትን ነበር። አስፋልቱ ግን ለአበባ ተብሎ አልተነጠፈም፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በሸንተረሩ ላይ ወደነበረው የናይኪ ሚሳኤል ጣቢያ ለመድረስ ነው። ጣቢያው ሲዘጋ አስፋልቱ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ቀረ። በዚህ ክር፣ ማለትም በዚህ የመልሶች ሰንሰለት ውስጥ የተጠቀሱት መንገዶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ለብስክሌት ታስቦ የተሠራው ጥቂት ነው፤ የቀረው ከሌላ ጉዳይ የተረፈ ነው።

መልስ 4 ተቆጥቶ ነው የመጣው። ወደ ኢንስፒሬሽን ፖይንት የሚያወጣው የዋይልድካት ካንየን መንገድ መኪና የሚሄድበት ስለሆነ፣ አብዛኛው ሰው ከመኪና ነፃ ወደሆነው መንገድ የሚደርሰው ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ መሆኑን ጻፈ። ይህም ብስክሌት መንዳት ሳይሆን ብስክሌት ማንሸራሸር ነው አለ። ስም ባይጠራም ወደ ማን እንዳነጣጠረ ሁሉም ገብቶታል። በመልስ 5 ነርሷ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ያንን ዳገት በፔዳል የሚወጣ ጀግና ካለ እርሷ ራሷ ውሃ ይዛ ጫፍ ላይ እንደምትጠብቀው መለሰች። መልስ 6 ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ መስታወት ተሰብሮ ቦርሳ እንደተወሰደበት አወራ። ሦስት ሰዎች ተከትለው የየራሳቸውን ስርቆት ሊተርኩ ሲሉ መልስ 7 መሐል ገብቶ ወደ ጉዳዩ መለሰን።

የመልስ 7 ምክር ተግባራዊ ነው። ብስክሌት በባርት ባቡር ይጫናል፤ የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ ግን ክልክል ነው፤ በተጨናነቀ ፉርጎም አይገባም። ኦሪንዳ ጣቢያ ወርዶ በካሚኖ ፓብሎ ወደ ሰሜን መሄድ፣ ከዚያ በስተግራ ወደ ዋይልድካት ካንየን መታጠፍና ከሁለት ማይል በላይ የሆነውን ዳገት መውጣት ነው። ይህ ሰው ዳገቱን የሚወጣው እሑድ ማለዳ ነው፤ ያን ጊዜ ከሌሎች ብስክሌተኞች በቀር የሚያልፍ እምብዛም የለም። በዚያው መጋጠሚያ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የቤር ክሪክ መንገድ በብሪዮነስ በኩል ያዞራል። ዙሩ 20 ማይል ገደማ ሲሆን፣ አባት ድብ፣ እናት ድብና ሕፃን ድብ የሚባሉ ሦስት ዳገቶች አሉበት። የእሽቅድምድም ብስክሌተኞች ይወዱታል፤ መኪናም ይወደዋል፤ ስለዚህ ለእኛ አይሆንም።

ከመልስ 8 ጀምሮ ክሩ ወደ እንስሳ ዞረ፤ እኔ እንደምፈራው ሳይሆን ጥሩ ሆኖ ነው የዞረው። ጸሐፊው በቲልደን ውስጥ ዋይልድካት ካንየንን ከግሪዝሊ ፒክ ጋር የሚያገናኘው ሳውዝ ፓርክ ድራይቭ በየዓመቱ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ለመኪና እንደሚዘጋ አመለከተ። በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 22 እስከ መጋቢት 22 መሆኑ ነው። የሚዘጋው ለብስክሌተኛ ታዝኖ አይደለም። ኒውት የሚባል፣ መልኩ እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ፣ ዝናብ ሲጀምር ከጫካው ወጥቶ ለመራባት ወደ ኩሬና ወደ ጅረት ስለሚጓዝና መንገዱን በእግሩ ስለሚያቋርጥ ነው። እግረኛና ብስክሌተኛ ግን ማለፍ ይችላል። ስለዚህ አምስት ወር ሙሉ በኮረብታው መሐል አንድ ቀጥ ያለ አስፋልት ያለ መኪና ይገኛል፤ ማርች 31 ሲያልፍ ደግሞ ያው መንገድ የመኪና ነው።

መልስ 9 ይህን አውሬ አይቶት እንደማያውቅ ጻፈ። መልስ 10 አይቶታል፤ ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ብርቱካናማ፣ አረማመዱ እጅግ የዘገየ መሆኑን፣ ቆዳው ላይ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ስላለው በባዶ እጅ ነክቶ አፍ መንካት እንደማይገባ አስጠነቀቀ። ያስቆጣው ሌላ ነው። ቁልቁለቱ ጭው ያለ ስለሆነ መኪና ቀረ ብለው ፍሬን ለቅቀው የሚወርዱ ብስክሌተኞች ኒውቱን ጨፍልቀውት እንደሚያልፉ፣ እርሱ ከዝናብ በኋላ በማግሥቱ ሲወጣ አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት ያለባቸው እንዳየ ጻፈ። ለጉዞ ብስክሌተኞች ይህ ከባድ አይደለም፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ የሚከንፍ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የሚጨፈለቀው ራሱ ነው።

መልስ 11 ቀልደኛ ነው። ለእንሽላሊት መንገድ የሚዘጋ አገር ለሰው የማይዘጋው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 12 አዲስ አበባ ለሰው መዝጋቷን አስታወሰው። ከ2018 (ይህም ሌሎቹም ዓመታት በፈረንጆች ናቸው) መጨረሻ ጀምሮ መንገድ ለሰው በሚል ስያሜ በተመረጡ እሑዶች ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት ብስክሌት ሲለማመዱባቸው እርሱ በዓይኑ አይቷል። እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ በኋላም ብስክሌት ተከራይቶ ጫካ ውስጥ መንዳት እንደሚቻል ጨመረ። ይህም ወደ እኔ አሳብ የሚወስድ ነው፤ እዚያም ቢሆን ጎዳናው ለሰው የሚሆነው በቀን ተለይቶ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ የመለሰን መልስ 13 ሲሆን፣ ከእርሱ የሚበልጥ ዕውቀት ያለው አልመጣም። ኒሚትዝ ዌይ አስፋልቱ ሲያልቅ መንገዱ አያልቅም። በሩን አልፎ በአፈር መንገድ በሸንተረሩ መቀጠል፣ ከዚያ ቤልገም በሚባለው ቁልቁለት ወደ ዋይልድካት ጅረት መውረድ፣ ጅረቱን ተከትሎም ሪችመንድ ጫፍ ላይ ወዳለው አልቫራዶ መውጣት ይቻላል። ከኢንስፒሬሽን ፖይንት እስከ አልቫራዶ አንድም መኪና የለም። የታችኛው ክፍል ድሮ የመኪና መንገድ ነበር፤ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለቆራረጠው ተትቶ ለእግረኛ ቀረ። አሁንም የተሰነጠቀው አስፋልትና በመሐሉ የበቀለው ሣር ይታያል።

ይህ ሁሉ ግን በበጋ ነው። ክረምት ላይ፣ ማለትም እዚህ ዝናቡ በሚጥልበት ከኖቬምበር በኋላ ባሉት ወራት፣ የሸንተረሩ አፈር ጥቁር መረሬ ሆኖ ይጠብቃል። ጸሐፊው የደረሰበትን ሲተርክ፣ ጭቃው መጀመሪያ ጎማው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ በመጨረሻ ጎማው መዞር ያቆማል። እርሱ ብስክሌቱን ገልብጦ ጭቃውን በዱላ ሲፈለፍል፣ አሥር እርምጃ ሄዶ እንደገና ሲፈለፍል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ፓራፋንጎውን ፈትቶ ቦርሳው ላይ አሰረው። ካቴናውም ጠጠር ቅሞ ነበር። አስቂኙ ነገር ኒውቱ ሳውዝ ፓርክን በሚከፍትልን ወራት ጭቃው ቤልገምን ይዘጋብናል፤ ቤልገም ሲደርቅ ሳውዝ ፓርክ ወደ መኪና ይመለሳል። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማግኘት የሚቻለው ዝናቡ በዘገየበት ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ ወይም ማርች ደረቅ ሆኖ ባለቀበት ዓመት ነው። ይህን ያህል የተጣራ ነገር ካርታ ላይ አይገኝም።

መልስ 14 ቤልገም ላይ ያሉት የዘንባባ ዛፎች ድሮ እዚያ የነበረ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ግቢ ቅሪት መሆናቸውን አከለ፤ እርሱ ሁልጊዜ እዚያ ጥላ ሥር ያርፋል። መልስ 15 ከአልቫራዶ በኋላ በከተማው መንገድ ጥቂት ሄዶ በባርት ሐዲድ ሥር የሚሄደውን ኦሎኒ ግሪንዌይ መያዝ እንደሚቻልና እስከ በርክሌይ እንደሚያደርስ አስረዳ። መስቀለኛ መንገዶቹ ይበዛሉ እንጂ ለጉዞ ብስክሌት ምቹ ነው።

ከዚያ መልስ 16 መጣ፤ ከእርሱ ጋር ጠብ መጣ። የሐይቁን ዳር ተከትለው የሚሄዱ፣ ሐይቁን የሚያስተዳድረው የውሃ ድርጅት የአፈር መንገዶች እያሉ ሁላችን ሸንተረር ለሸንተረር ለምን እንደምንንከራተት ጠየቀ። ድርጅቱ ለእግረኛ የፈቃድ ወረቀት እየሸጠ፣ አብዛኞቹን መንገዶች ግን ለብስክሌት መከልከሉ አድልዎ ነው፤ እኛም ግብር ከፋዮች ነን፤ በማለዳ ማንም ሳያይ መግባት ይቻላል የሚል ነበር የጻፈው። መልስ 17 የውሃ ማጣሪያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ሰላምታ ሳይሰጥ ጀመረ። በሐይቁ ያለው የምንጠጣው ውሃ መሆኑን፣ አብዛኛው የምሥራቅ ቤይ (ከባሕረ ሰላጤው በስተምሥራቅ ያለው የእኛ አካባቢ) ውሃ ከሲየራ ኔቫዳ ተራራ ከሚመጣው የሞኬለምኒ ወንዝ በ1929 በተጠናቀቀው የፓርዲ ግድብ ተጠራቅሞ በ90 ማይል ያህል ቧንቧ እንደሚደርስ፣ ሳን ፓብሎና ብሪዮነስ የመጨረሻ ማጠራቀሚያዎች እንደሆኑ ዘረዘረ። በሐይቁ መዋኘት የተከለከለው፣ ዙሪያው ያልታረሰና ቤት ያልተሠራበት ሆኖ የቆየውም ለዚሁ ነው። በአንድ ዝናብ የጎማ ጎድጓድ የሸረሸረው ቁልቁለት ስንት ደለል ወደ ሐይቁ እንደሚያወርድ መልስ 16 አስቦት ያውቅ እንደሆነም ጠየቀው።

እኔ በዚህ ከመልስ 17 ጋር ነኝ። ያ ኮረብታ ዛሬ ቪላና የገበያ አዳራሽ ያልሆነው የሚጠጣ ውሃ ስላለበት ነው። መኪና የማይሰማበትን ቦታ ያቆየልን ክልከላው ነው፤ ስለዚህ ክልከላው አንዳንዴ እኛንም ሲያቆመን መሳደብ አይገባም። መልስ 16 ግን በዚህ አልተመለሰም፤ መልስ 18 ላይ ሆኖ መልስ 17ን የድርጅቱ ጠበቃ አለው።

መልስ 19 ሌላ ግድብ አመጣ። የላፋየት ግድብ ሐይቅ ከባርት ጣቢያ አጠገብ ነው፤ 2.7 ማይል የሆነ አስፋልት ይዞረዋል፤ መኪና የለበትም። ብስክሌት ግን የሚፈቀደው ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ እሑድም ከመክፈቻው እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ ብሎ ሲጽፍ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀትር በፊት ያለውን 11፣ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓትን ማለቱ ነበር። መልስ 20 ይህን እንዳነበበ በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ይዞ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ በእኛ 8 ሰዓት፤ ገና ሦስት ሰዓት አለን ብሎ። በሩ ላይ ሰሌዳውን አሳይተው መለሱት። ልጆቹ ብስክሌታቸውን ይዘው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሲዞሩ ዋሉ። ሐበሻ በሐበሻ ቋንቋ ሰዓት ሲጽፍ በሐበሻ ሰዓት ይጻፍ ሲል አመረረ። መልስ 19 ደግሞ አሜሪካ እየኖሩ የአሜሪካን ሰዓት አለመልመድ የራስ ጥፋት ነው አለ። በዚህ ላይ ብቻ ሌሎች አራት ሰዎች ገብተው ስለነበር የመድረኩ ኃላፊ የእነርሱን ወደ ሌላ ክር አዛወረው። ወደ ላፋየት የምትሄዱ ሰሌዳውን አንብቡ፤ ደንብ ይለወጣል።

መልስ 21 ለእኔ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አለኝ ብሎ የመጣ ብቸኛው ሰው ነው። ሳን ፓብሎን ትቼ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሻቦ ሐይቅ እንድወርድ መከረኝ። እዚያ ያለው የብስክሌት ዙር ከ12 ማይል በላይ ሲሆን ሐይቁን ሙሉ በሙሉ ይከብበዋል። በምሥራቅና በምዕራብ ዳርቻው አስፋልት አለ፤ የቀረው በባሕር ዛፍ መካከል የሚወጣና የሚወርድ ሰፊ የአፈር መንገድ ነው። በዚያው ፓርክ ድንኳን ተክሎ ማደር ስለሚቻል ለጉዞ ብስክሌተኛ ይስማማል። የባሕር ዛፉ ሽታ እንጦጦን ስለሚያስታውሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚቀመጥም አልደበቀም። ግድቡን በ1870ዎቹ ያሠራው አንተኒ ሻቦ የሚባል የውሃ ሥራ ነጋዴ ነው። አፈሩን የሚጠቀጥቅ ሮለር ስላልነበረ የዱር ፈረስ መንጋ እየነዱ በግድቡ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱበት፤ በኮቴ የተጠቀጠቀ ግድብ ነው ማለት ነው።

ምክሩ ጥሩ ነው፤ አሳቤን ግን አያፈርሰውም። አፈሩ ላይ ያሉት ዳገቶች ባዶ ብስክሌት የሚያስገፉ ናቸው፤ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ቦርሳ የጫነ ሰው እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም። እዚህም ወቅት ይወስነዋል።

መልስ 22 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከሳን ማቴዎ ነው። የክሪስታል ስፕሪንግስን ሐይቆች ተከትሎ የሚሄደው ሶየር ካምፕ 6 ማይል ያህል ከመኪና ነፃ አስፋልት መሆኑን፣ ከዚያ በስተደቡብ ያለው የካንያዳ መንገድም በአብዛኞቹ እሑዶች ለብስክሌተኛ ሲባል ለመኪና እንደሚዘጋ ጻፈ። ሐይቆቹ የተኙት ልክ በሳን አንድሪያስ የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው። የክሪስታል ስፕሪንግስ ግድብ በ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ መንቀጥቀጥ ጊዜ ስንጥቁ አጠገቡ ተንቀሳቅሶ ሳለ አልፈረሰም። መልስ 23 ይህ ሁሉ መልካም ቢሆንም ጥያቄው ስለ ምሥራቅ ቤይ እንደሆነ ተቃወመ። ሳን ማቴዎ ለመድረስ ድልድይ መሻገር ስላለበት ተቃውሞው ትክክል ነው።

መልስ 24 ግን የበለጠ ሩቅ ነው፤ ከእንግሊዝ፣ ከሼፊልድ ከተማ። በዚያ ያለች አንዲት እህት የደርወንትን ሸለቆ ገለጸች። ሦስት ግድቦች በተርታ አሉ፤ ሃውደን፣ ደርወንትና ሌዲባወር። ሌዲባወር በ1940ዎቹ ሲሞላ ደርወንትና አሾፕተን የሚባሉ ሁለት መንደሮች በውሃ ተውጠዋል። በምዕራብ ዳርቻ ያለው ጠባብ አስፋልት ቅዳሜና እሑድ ከፌርሆልምስ በላይ ለመኪና ይዘጋል፤ በምሥራቅ ዳርቻ ያለው ደግሞ ሻካራ ጥርጊያ ነው። ሁለቱ ከላይ ስለሚገናኙ ሁለቱን የላይኛ ሐይቆች መዞር ይቻላል። እርሷም ልብ እንዳለችው፣ ሰኞ የሄደ ሰውና እሑድ የሄደ ሰው ስለ አንድ መንገድ ሲያወሩ ሁለት መንገድ ይመስላል። ይህን በማለቷ በሩቁ አመስግኛታለሁ።

መልስ 25 ምን ስንቅ ልያዝ ብሎ ጠየቀ፤ ክሩም ከዚህ በኋላ ሐይቁን ረሳው። መልስ 26 በሶን የሚያህል የብስክሌተኛ ስንቅ እንደሌለ፣ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከጨውና ከጥቂት ስኳር ጋር በጥብጦ ዳገት ከመጀመሩ በፊት እንደሚጠጣው፣ ዳቦ ቆሎም ኪስ ውስጥ እንደማይጠፋ ጻፈ። መልስ 27 በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ኒሚትዝ ዌይን መንዳት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። አንዱ ሰውነትን በከንቱ መቅጣት ነው ሲል፣ ሌላው ስለ ማያውቀው ነገር እንዳይናገር ገሠጸው፤ ሦስተኛው ቀኖና ጠቀሰ፤ የመጀመሪያው በስድብ መለሰ። የመድረኩ ኃላፊ የሦስቱንም ጽሑፍ አጥፍቶታል። ነርሷ ግን በመልስ 28 ጠያቂዋን በጨዋነት መለሰችላት፤ ለጤነኛ ሰው ማለዳ በጥላ፣ ቀስ ብሎ፣ አጭር መንገድ ችግር እንደሌለው፣ ማዞር ከጀመረ ግን ወርዶ መቀመጥ እንጂ መከራከር እንደማያስፈልግ።

መልስ 29 ላይ የመጀመሪያው ትሑት ሰው ተመለሰ፤ አሁን ሁሉም ጋሼ ይለዋል፤ ዕድሜውን ተናግሯልና። ስለ ሳን ፓብሎ ዳም መንገድ ምንም አላነሣም። ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ መወዳደራቸውን፣ ልጅ ሳለ የእነርሱን ወሬ እየሰማ ብስክሌት እንደወደደ፣ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በቴሌቪዥን ፊት እንዳለቀሰ ጻፈ። ከመልስ 2 ጸሐፊ ጋርም ታረቁ። ይኸኛው ጋሼን ይቅርታ ጠይቆ አብረው እንዲወጡ ጋበዘው።

ከመልስ 30 እስከ 33 ያለው ቀጠሮ ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ ካልዘነበ፣ ኦሪንዳ ጣቢያ፤ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። ዋይልድካት ካንየንን በማለዳ መውጣት፣ ሳውዝ ፓርክን ወጥቶ መመለስ፣ ከዚያ ኒሚትዝ ዌይ፤ አፈሩ ደረቅ ከሆነ በቤልገም ወደ አልቫራዶ፣ ካልሆነ በመጡበት መመለስ። መልስ 16 እንደሚመጣ አስታውቋል፤ መልስ 17ም እንደዚያው። ማን መሐላቸው እንደሚነዳ ገና አልተወሰነም።

መልስ 34 የጎን ቦርሳ ጥንድ የሚሸጥ ሰው ነው። ዋጋው ተወደደ የሚል ክርክር ሥሩ ተጀምሯል።